በየግምገማው የሚሰፋው ጎል

የሰንበሌጥ ከተማ እግር ኳስ ክለብ በረኛ አንዳርጌ በግምገማ ላይ ተነስቶ «ጥፋቱ የኔ ነው» ባለ ቁጥር፣ የሚጠብቀው ጎል ይሰፋ ነበር። መጀመሪያ የሚሰፋው በስንዝር ነበር። በኋላ በክንድ ሆነ፣ ከገና ወዲህ ደግሞ በእርምጃ።

በሰንበሌጥ ከተማ ደንቡ እንዲህ ነው። ቡድኑ በተሸነፈ ማግስት ተጫዋቾቹ፣ አሰልጣኙና የቦርዱ አባላት በክለቡ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ልሳነወርቅ ከአባሎቻቸው ጋር መድረክ ላይ ይቀመጣሉ። ከታች ያለው ሰው በየተራ እየተነሳ ግለ ሂስ ያደርጋል። የጥፋቱ ባለቤት እስኪገኝ ድረስ ምሳ አይቀርብም። መድረክ ላይ ያለው ሰው ግለ ሂስ አያደርግም፤ እሱ ውሃ ይጠጣል።

የዓመቱ የመጀመሪያ ሽንፈት የመጣው በጥቅምት ነው። በዚያው ሳምንት ቦርዱ ብቸኛውን አጥቂ ለሌላ ክለብ ሸጦት ነበር። ጨዋታው ሊጀመር ሲልም አቶ ልሳነወርቅ ተጫዋቾቹን ፀሐይ ላይ አሰልፈው ስለ አሸናፊነት መንፈስ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩ ሲያልቅ ከተጫዋቾቹ አንዱ ራሱን ስቶ ነበር። ሦስት ለባዶ ተሸነፉ። በግምገማው ላይ ግን ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም። ሁሉም የገዛ ጫማውን ያያል። ከማብሰያ ቤቱ የቀይ ወጥ ሽታ ይመጣል።

አንዳርጌ ጉልበቱ ያለቀ፣ በዚህ ዓመት መጨረሻ መጫወት የሚያቆም ሰው ነው። ከኳስ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ክረምት ላይ አቶ ልሳነወርቅ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ዓመቱን በሥነ ሥርዓት ከጨረስክ የበረኞች አሰልጣኝ አድርጌ አስቀርሃለሁ» ብለውታል። ስለዚህ እጁን አወጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«ይኸው!» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «ሰው ማለት ይኼ ነው። አጨብጭቡለት እንጂ!»

ተጨበጨበ። ምሳ ቀረበ።

በማግስቱ ልምምድ ላይ አንዳርጌ እንደ ልማዱ በአንድ እርምጃ ቋሚውን ሊነካ ሲል እጁ አየር ያዘ። አምበሉ ሙክታር ከተከላካይ ቦታው ዞር ብሎ አየው።

«አንዱ፣ እጅህ ነው ያጠረው ወይስ ጎሉ ነው የሰፋው?»

«ጎሉ ነው።»

«እኔም እንደሱ መስሎኛል» አለና ሙክታር ወደ ሩጫው ተመለሰ።

ስፋቱ የሜዳው ሳይሆን የአንዳርጌ ነበር። ከእረፍት በኋላ ጎል ሲቀያየሩ እንደ ለማዳ ውሻ ተከትሎት ይመጣል፤ ትቶት የመጣው ጎል ወደ ልኩ ይመለሳል። ሌላ ከተማ ለጨዋታ ሲሄዱ ስፋቱ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ይደርሳል። አግዳሚው እየረዘመ አይጎብጥም፣ መረቡ እየተለጠጠ አይቀደድም። የጨዋታው ታዛቢ መጥተው አዩና ሁለቱም ቋሚዎች የጎሉ መስመር ላይ መቆማቸውን አረጋገጡ፤ ደንብ አልተጣሰም አሉ። መስመሩ ሲያጥር በኖራ ይቀጠልለት ነበር።

በጥር ሁለቱም ቋሚዎች የማዕዘኑን ባንዲራዎች አለፉ። ከዚያ ወዲያ ኳስ በአንዳርጌ በኩል ወደ ውጭ መውጣት ቀረ። ወይ ሜዳ ውስጥ ነው፣ ወይ ጎል ነው። አንዳርጌ ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ሲሮጥ ደጋፊው «በርታ፣ ልትደርስ ነው!» እያለ ይስቅበታል።

ቦርዱ አልተጨነቀም። አቶ ልሳነወርቅ ለከተማው ምክር ቤት ባቀረቡት የግማሽ ዓመት ሪፖርት ላይ «የጎል መሠረተ ልማታችንን ከእጥፍ በላይ አስፋፍተናል» አሉ። ምክር ቤቱ በጭብጨባ ተቀበላቸው። ከጎረቤት ከተማ የልምድ ልውውጥ ቡድን መጣ፤ አባላቱ ጎሉን ተደግፈው ፎቶ ተነሱ፣ ኮፍያና ቦርሳ ተሰጥቷቸው ሄዱ።

ሽንፈቱ ግን ቀጠለ፤ ሁልጊዜም ምክንያት ነበረው። አንድ ቀን አሰልጣኝ ፍሬሰንበት ጨዋታ መሃል ስልክ ተደወለለት። የደወሉት አቶ ልሳነወርቅ ነበሩና ከወንበሩ ተነስቶ፣ ቆሞ አነሳው። ስልኩን ሲዘጋ ሙክታርን አስወጥቶ የሰብሳቢውን የእህት ልጅ አስገባ። የእህት ልጁ ሜዳ እንደገባ «ወደ የትኛው ነው የምናጠቃው?» ብሎ ዳኛውን ጠየቀ። አምስት ገባባቸው። በማግስቱ ምሳ ሳይቀዘቅዝ አንዳርጌ ተነስቶ ጥፋቱ የኔ ነው አለ።

ሚስቱ የሺመቤት ይህን ሰምታ ሳቀች።

«አንተ ቤት ውስጥ አንድ ቀን አጠፋሁ ብለህ ታውቃለህ? ድስት ስታሳርር እንኳ ጥፋቱ የከሰሉ ነው። እዚያ ስትደርስ ግን እንደ ከረሜላ ታድለዋለህ።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ» አላት። «የአሰልጣኝነቷን ቦታ ልያዝ።»

«ሰው ሁሉ በረኛው ሌባ ነው፣ ጨዋታ ይሸጣል እያለ ማንን ልታሰለጥን ነው?»

ገበያ ላይ የሚባለውን እሱም ሰምቶታል።

የሰንበሌጥ የክብር ትሪቡን እንደ ሌላው ሜዳ በጎን አልተሠራም። ፀሐይ የእንግዶችን ፊት እንዳይመታ ተብሎ ከማዕዘኑ ባንዲራ ራቅ ብሎ፣ በጎሉ መስመር አቅጣጫ ጥግ ላይ ነው የተሠራው። ግንቦት ሲገባ የቀኙ ቋሚ ከትሪቡኑ ደረጃ አጠገብ ደርሶ ቆመ። ወደ ታችኛው ሊግ ላለመውረድ ቡድኑ የመጨረሻውን ጨዋታ ቢያንስ አቻ መውጣት ነበረበት። ከዚያ በፊት ያለውን ግን ተሸነፈ፤ ግምገማ ተጠራ።

ያን ቀን ወጡ የበግ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ ውሃቸውን ጠጥተው ወደ አንዳርጌ ተመለከቱ። የሚነሳበት ሰዓት ነበር።

አንዳርጌ ተነሳ።

«እኔ አላጠፋሁም» አለ።

አንዱ የቦርድ አባል ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አልሰማሁህም» አሉ ሰብሳቢው።

«አላጠፋሁም ጋሼ። ለዚያ ሁሉ ስፋት አንድ ሰው አይበቃም።»

«ስለ ወደፊትህ አስበህበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

«እሺ፣ ታዲያ ማን ነው ያጠፋው?»

ሙክታር ተነሳ። «እኔም አይደለሁም» ብሎ ተቀመጠ። ቀጥሎ ያለው ተነሳ፣ እሱም አይደለም። አሰልጣኝ ፍሬሰንበት ግማሽ ተነስቶ፣ ወደ መድረኩ አይቶ፣ «እኔም ብሆን…» ብሎ ተቀመጠ። ተራው ከታች አለቀ። የቀረው መድረኩ ብቻ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዩ፤ አባላቱ ጣሪያውን ያያሉ።

«ጥፋቱ ለጊዜው ባለቤት አልባ ሆኖ ይያዝ» ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ምሳ አልቀረበም።

የመጨረሻው ጨዋታ ረፋዱ ላይ ነበር። አንዳርጌ ወደ ጎሉ ሲሄድ ቋሚዎቹ ቅርብ ነበሩ። ግራውን ነካ፣ ቀኙን ነካ። የቤቱን ግድግዳ የነካ ያህል ደስ አለው። ሰፊው ጎል ግን አልጠፋም። ሜዳውን ለቆ ሄዶ የክብር ትሪቡኑ ላይ ቆሟል። አንዱ ቋሚ ከደረጃው በዚህ፣ ሌላው ከመጸዳጃ ቤቱ በዚያ፤ አግዳሚው ከአቶ ልሳነወርቅ ራስ በላይ፣ መረቡ ከሁሉም ጀርባ። ቦርዱ በሙሉ ጎል ውስጥ ተቀምጦ ለስላሳ ይጠጣ ነበር።

አንዳርጌ ያን ቀን አራት ኳስ አዳነ፤ አንዷን በፊቱ ነው። ባዶ ለባዶ ወጡ፤ ሰንበሌጥ ከተማ በሊጉ ቀረ። አቶ ልሳነወርቅ ማይክሮፎን ይዘው ውጤቱ የቦርዱ የበሰለ አመራር ፍሬ መሆኑን ተናገሩ። በዚያው ለሚቀጥለው ዓመት የበረኞች አሰልጣኝ የእህታቸው ልጅ እንደሚሆን አሳወቁ።

አንዳርጌ ቤቱ ገብቶ ምሳውን በላ። ሲነሳ የሚስቱን ብርጭቆ በክርኑ ገፍቶ ሰበረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ቶሎ ወደ በሩ ዞረ።

«ምን ታያለህ?» አለችው የሺመቤት።

«በሩን።»

«በሩ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፤ አልሰፋም።»

አመሻሹ ላይ የረሳውን ጓንት ሊያመጣ ወደ ሜዳው ተመለሰ። ደጋፊው ሄዷል፣ የቦርዱ አባላትም በየመኪናቸው ገብተው ሄደዋል። አቶ ልሳነወርቅ ብቻ ነበሩ። ወደ መውጫው ሲሄዱ ጎሉም ይከተላቸዋል፤ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ አብሮ ይመለሳል። አሁን ከሜዳው ዳር እስከ ዋናው መንገድ ይደርስ ነበር።

«አንዳርጌ!» ብለው ተጣሩ። «ና እስቲ ወንድሜ። አንድ ጊዜ ብቻ ተነስተህ ‹ጥፋቱ የኔ ነው› በላት። ቦታውን ለአንተ አደርገዋለሁ።»

አንዳርጌ ጓንቱን ከሣሩ ላይ አንስቶ አራገፈ።

«ጋሼ፣ እኔ ምሳዬን በልቻለሁ» አለ።

መሃል ሜዳ ላይ አንዲት ኳስ ነበረች። አጠገቧ ሰው አልነበረም፣ ነፋስም አልነበረም። ቀስ ብላ ወደ ትሪቡኑ መንከባለል ጀመረች። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ኳስ መጣች፣ ከገበያው በኩል ደግሞ ከጨርቅ የተሠሩ፣ ትናንሽ፣ ብዙ ኳሶች ዳገቱን ሽቅብ ይመጡ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ እንደ በረኛ ጉልበታቸውን ሸብረክ አደረጉ፣ ሁለት እጃቸውንም ዘረጉ።