የተኳለችው ጨረቃ

አባታቸው ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነበርና ሁለቱ ልጆች ስጦታ እንምረጥ ብለው ተቀመጡ። ሲነሡ ተኳርፈው ነበር።

አባትየው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ክሬን ላይ ነው። ከተማው ውስጥ አንገት ቀና አድርገው የሚያዩት ፎቅ ካለ፣ ከብረቱ ግማሹን ወደ ላይ ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ባያወጡትም ያወጡት ያህል ያወሩለታል። ጡረታ ሲወጡ ግን የደረሰቻቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማታስቆም በረንዳ ናት። እዚያች ላይ ወንበር አውጥተው፣ ከበታቻቸው ያለውን ሁሉ አይተው ሲጨርሱ ወደ ላይ ማየት ጀመሩ። አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው ሆነው፣ ጨረቃን ቀረብ አድርጎ የሚያሳይ፣ ፎቶዋንም የሚያነሣ ዕቃ ቢገኝ ምን ነበረበት አሉ።

ፎቶው ለምን እንዳስፈለጋቸው ልጆቹ አልጠፋቸውም። አባትየው በሚውሉበት የጡረተኞች ክበብ አንድ ግድግዳ አለ፤ እያንዳንዱ አባል የሚኮራበትን አንድ ፎቶ፣ አንድ ብቻ፣ ይሰቅልበታል። የቀድሞ አለቃቸው ፎርማኑ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ሲጨባበጡ የተነሡትን ሰቅለዋል፤ የትልቁ ሰው ፊት ባይገባበትም እጁ ጥርት ብሎ ይታያል። የአባትየው ሚስማር ግን ክበቡን ከተቀላቀሉ ጀምሮ ባዶዋን ናት። ሲጠየቁ እየመረጥሁ ነው ይላሉ። ፎርማኑ በወጡ በገቡ ቁጥር ሚስማሯን ዳበስ አድርገው፣ ይቺ ልጅ ዛሬም ብርድ ላይ ናት እያሉ ያልፋሉ። ይህች ቀልድ አባትየውን የምታሳክካቸው ውስጥ እግራቸው ድረስ ነው።

ታላቅየው ልጅ ሶፋ ነጋዴ ነው። ግዙፍ ነገር ካልሆነ አይዋጥለትም። ከሱቁ ከሚወጡት ሶፋዎች የሚበዙት ደንበኛው ቤት የሚገቡት በር ተነቅሎ ነው፤ እሱም ይህን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ማስታወቂያ ያወራዋል። ቴሌስኮፕ ሲባል ወዲያው አንድ ሱቅ ገብቶ፣ ሰው የሚያህል ነጭ ቱቦ አይቶ፣ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ፣ «ይቀመጥልኝ» ብሎ ወጣ። ማስረጃውም ብዙ አልነበረም፤ ሩቅ የሚያሳይ ዕቃ ረጅም መሆን አለበት፣ አለቀ።

ታናሽየዋ ፎቶ አንሺ ናት። የራሷ ፎቶ ቤት አላት፤ በሙያው የተመረቀችበት ወረቀት አላት፤ ከሁለቱም የሚበልጥ ምላስ አላት። ሙሽራ በእሷ እጅ አልፋ ሳታምር የወጣችበት ቀን የለም፤ ይህንንም ሙሽሮቹ ሳይጠይቋት ትነግራቸዋለች። የወንድሟን ክርክር ስትሰማ ከቦርሳዋ አንድ የካሜራ ሌንስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ቂብ አደረገችው። ሌንሱ ላይ የተጻፈው የትኩረት ርቀት፣ ማለትም ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስኪሆን የሚሄደው መንገድ፣ ከሌንሱ ቁመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነገሩ ቀላል ነው ብላ ጀመረች። ብርሃኑን የፊቱ ሌንስ ይሰበስበዋል፣ ከኋላ ያለው ሌንስ ደግሞ አትቸኩል ብሎ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ዕቃው አጭር ሆኖ ረጅሙ የሚሠራውን ይሠራል። ቴሌስኮፕም እንደዚሁ የተሠራ አለ። ትኩረቱ ረጅም ካልሆነ ጨረቃ በፎቶው ላይ አተር ታክላለች፤ ቱቦው ረጅም ከሆነ ደግሞ የአባባ በረንዳ ላይ አይቆምም።

ወንድምየው ሌንሱን አገላብጦ አየና መለሰላት። የካሜራ ነገርና የሰማይ ነገር ለየቅል ነው አላት።

በቃል ያልገባው በእንጨት ይገባዋል ብላ፣ ከወጥ ቤት የወለል መወልወያውን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች።

«ይኸው ያንተ ነጭ ቱቦ፣ ጋሼ። በቁመቱ እኩያው ነው። አባባ፣ ና በሉትና ያሳይዎት።»

መወልወያውን ወደ ግራ ሲያዞሩት ኋላው መስኮቱን ገጨ። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት የተሰጣውን ሸሚዝ ሰቅሎ መጣ። ወደ ሰማይ ሲያቀኑት ጫፉ ወለሉን ነካ፤ አባትየውም እስቲ ልሞክረው ብለው ከሥሩ ለማየት ሲንበረከኩ ጉልበታቸው ቋ ብሎ ለጎረቤት ተሰማ። ተደግፈው ሲነሡ፣ ለመነሣት ክሬን የሚያስፈልገው ዕቃ በረንዳ ላይ ተተክሎ አያውቅም ብለው ሣቁ። ወንድምየው አልሣቀም። በር እንደሚነቀል ሁሉ የበረንዳ ብረትም ይነቀላል ሲል ነገሩን አሰበበት።

ፎቶ አንሺዋ ቴሌስኮፕ ሱቁ ውስጥ የዋለችውን ውሎ ሻጩ እስከ ዛሬ አይረሳውም። መጀመሪያ ርካሽና ወፍራም አጭር ቱቦ አመጣላት፤ ትኩረቱም እንደ ቁመቱ አጭር ነው ብላ መለሰችው። ቀጥሎ ባለ መስታወት አመጣ። ይህኛውን ወደደችው፣ ግን መስታወቱ በየጊዜው መቃናት እንዳለበት ስትሰማ፣ አባቷ ያገኙትን ብሎን ሳይፈቱ የማያድሩ ሰው መሆናቸው ትዝ አላትና ተወችው። ሦስተኛው ክንድ ከስንዝር የማይሞላ፣ ሲያነሡት ግን ክብደቱ ውስጡ የታጨቀውን ሌንስ ሁሉ የሚያሳብቅ ነበር። ማያው ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ብቻ ጎንበስ አድርጎ ያይበታል። ከሱቁ ደጃፍ ላይ አቁማ፣ ሩቅ ባለ የአንቴና ምሰሶ ላይ አነጣጠረችና የብረቱን ጠርዝ ፈተሸች። መናኛ ሌንስ ከሆነ በጨለማ ነገርና በብሩህ ሰማይ መካከል ሐምራዊ ክር ያወጣል። ክር የለም። ማያውን ለወጠች፣ ደግማ አየች። ክር የለም። ካሜራዋን ገጠመችና አንሥታ አየች፤ አሁንም የለም። የሻጩ ሻይ ቀዝቅዞ፣ ሻጩም ራሱ ቀዝቅዞ ሲያበቃ፣ ይህ ነው አለች።

ወንድምየው ሲሰማ፣ ሱቁ በሳምንት ውስጥ የተመለሰ ዕቃ እንደሚቀበል አስታወሳት። ነጩም ቱቦ እንደተቀመጠለት ነው። አባትየው በሁለቱ መካከል ገብተው ፈረዱ። የመጀመሪያው ፎቶ ክበብ ይሰቀላል፤ የሚያኮራ ከሆነ አጭሩ ይቀራል፣ የሚያሳፍር ከሆነ ነጩ ይመጣል፣ በረንዳውም እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን አሉ።

በዚያው ቀን ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ግማሽ ጨረቃ አናት ላይ ነበረች። አባትየው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ። 

«ይህ ቦታ አልተደለደለም» አሉ በመጨረሻ። «ማነው እንዲህ ቆፍሮ ቆፍሮ ጥሎት የሄደው?»

ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ ሁለት ጣት ያህል ረዘመች። ካሜራውን ስትገጥመው ጨረቃ አተር አልሆነችም፤ ክፈፉን ሞልታ፣ ጉድጓዶቿ ጥላቸውን ጥለው ቁጭ አሉ። ደጋግማ አነሣች።

ጥፋቱ የመጣው በማግስቱ ነው። ፎቶ ቤቷ ውስጥ የአንዲትን ሙሽራ ፊት አስተካክላ ጨርሳ፣ ሌላዋ እስክትደርስ ድረስ ጨረቃዋን ከፈተቻት። አፏ ከረዳቶቿ ጋር ያወራል፣ ጆሮዋ ስልክ ላይ ነው፣ እጇ ግን ሥራውን ያውቃል። እጇ ብጉር አይቶ አያልፍም። ይህቺን ጠባሳ ጠረግ፣ ያቺን ጥቁረት ቀባ፣ ጉንጩን ለስለስ፣ ግንባሩን ፈካ። ከሦስት ቀን በኋላ አሳትማ በክፈፍ አስገብታ ስታየው ልቧ ሞላ። አባትየው ሲቀበሏት ጉድጓዶቹን በጣታቸው ፈለጉ፤ ግን ልጃቸው ናት፣ ሰቀሉት።

ክበቡ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ከበቡ። ፎርማኑ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ፣ ራቁ፣ ደግሞ ቀረቡ።

«ይቺ ጨረቃ» አሉ፣ «ልትዳር ነው እንዴ?»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። አንዱ ሳህን ናት አለ፣ ሌላው ሳህንማ ጭረት አያጣውም ብሎ አረመው። አባትየው ከሚስማራቸው አጠገብ ቆመው የሸሚዛቸውን ቁልፍ ያፍተለትላሉ። ወንድምየው ስልኩን አወጣ። አጭር ነው ብዬ ነበር፣ ጉድጓዱ ድረስ አልደረሰም፣ ነጩ ዛሬውኑ ይምጣ አለና የሱቁን ቁጥር መታ።

ፎቶ አንሺዋ ያን ጊዜ ነው ፎቶዋን እንደ ሌላ ሰው ያየችው። ፊቷ ላይ አንድ ጭረት የሌለባት፣ ዱቄት የተነሰነሰባት፣ የተኳለች ጨረቃ። ዝም ብትል ስሟ ይተርፋል፤ ጥፋቱን ቱቦው ተሸክሞት ወደ ሱቅ ይመለሳል፣ የሷ እጅም ሙሽራ ሲያስጌጥ ይኖራል። በሙያዋ ተሳሳትሁ ብላ የምታውቅ ሴት አይደለችም፣ ያውም በፎርማኑ ፊት። የአባቷን ጣት ቁልፉ ላይ አየች።

«ስልኩን ዝጋው፣ ጋሼ። ቱቦው ጉድጓዱን አይቶታል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ደግሞ ለምን?»

«ለምጄ። ፊት መሰለኝ።»

 ፎርማኑ መነጽራቸውን አወለቁ። ይህ ሰበብ ነው፣ አለ የተባለው ጉድጓድ ካለ በዐይናችን እንየው አሉ። አባትየው ከቁልፋቸው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«አምጪው» አሏት። «እዚሁ አምጪው።»

ነጩ ቱቦ ቢሆን ኖሮ የሶፋ መኪና ይለመን ነበር። እሷ ግን አጭሩን በትከሻዋ አንግታ፣ መቆሚያውን በብብቷ ይዛ፣ በአውቶቡስ መጣች። ወንድምየው ከበር ላይ ሲያያት ቀረብ ብሎ መቆሚያውን ተቀበላት።

ፀሐይዋ የክበቡን ግቢ ግድግዳ ገና አልለቀቀችም። ጨረቃ፣ ከግማሽ አልፋ ወፍራ፣ በምሥራቅ በኩል ከጣሪያዎቹ በላይ ወጥታለች። ልጅቷ ልታነጣጥር ስትል አባትየው ገለል አደረጓት። ወንበር ስበው ተቀመጡና ቱቦውን ቀስ አድርገው የሚያንቀሳቅሱትን ማዞሪያዎች በሁለት ጣት በሁለት ጣት ያዙ። የክሬን ሰው እጅ አይቸኩልም፤ ትንሽ ያዞራል፣ ጭነቱ ሲወዛወዝ ይጠብቃል፣ ሲረጋ ደግሞ ትንሽ ያዞራል። ጨረቃን መካከል ላይ አምጥተው አስቀመጧት፣ ብረት ፎቅ ላይ እንደሚያስቀምጡ ሁሉ፣ ኮሽ ሳትል። ከዚያ ተነሥተው ወንበሩን ለፎርማኑ ለቀቁ።

ፎርማኑ ጎንበስ አሉ። አፋቸው ለቀልድ ተከፍቶ ነበር፤ እንደተከፈተ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ተራ ጠብቀው፣ ተራ ተሻምተው፣ አንድ ጊዜ ያየው ደግሞ ከኋላ እየተሰለፈ ሲጨቃጨቁ፣ ፎርማኑ ወንበሩን ለመልቀቅ ሦስት ጊዜ ተለመኑ።

ካሜራው ተገጠመ። ልጅቷ ካሜራውን ሳይነኩ የሚጫኑትን የማንሻ ገመድ ለአባቷ ሰጠች።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አሉ አባትየው። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ግን ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሲያዟቸው የኖሩት ፎርማን አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ደርቀው ቆሙ። አባትየው ቱቦው እስኪረጋ ጠበቁ። ጠበቁ። ተጫኑ።

ፎቶው ሲታተም ልጅቷ ኮምፒዩተሩ ፊት እጇን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠች። አንዲት ጠባሳ አልነካችም። በተሰቀለ ቀን ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር፤ ፎርማኑም ከሩቅ ዐይናቸውን አጥብበው፣ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል አሉ። 

ወንድምየው ከግድግዳው አጠገብ አልጠፋም። ነጩን ቱቦ ላስቀመጡለት ሰዎች ይተውት ብሎ ደውሎ፣ አሁን ለሚመጣ ለሚሄደው ያስረዳል። ሰው በቁመት ይታለላል ይላል፤ ዋናው ትኩረቱ ነው፤ እኛ ገና ከጅምሩ አጭሩን ነው ያልነው፤ በረንዳችንን ለክተን፣ ሌንሱን ፈትሸን፣ ጠርዙን አይተን ነው የመረጥነው። እህትየው ይህን ሰምታ ደሟ ፈላ። ከመቀመጫዋ ብድግ ስትል አባቷ ክንዷን ያዟት። ዐይናቸውን ከፎቶው ላይ አላነሡም።

«ተይው፣ ልጄ፣ ይኩራ» አሏት። «ለሁላችንም ይደርሳል።»

ተመልሳ ተቀመጠች። ወንድምየው አንድ አዲስ ሽማግሌ በክንዱ ይዞ ወደ ፎቶው እያመጣ ነበር።