የጋሽ ዳኘው ልብ እና ሁለቱ ገመዶች

በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ሀብተ ሥላሴ የጋሽ ዳኘውን የልብ ምርመራ ወረቀት ይዞ ወደ ኮሌጁ ላቦራቶሪ መጣ። የመጣው ፀሐይወርቅን ፈልጎ ነው። ፀሐይወርቅ የመሸንቲ ልጅ ናት፤ የላቦራቶሪውን መሣሪያዎች የምትጠግነው እሷ ነበረች። ሙያውን ያስተማሯት ጋሽ ዳኘው ናቸው። በ1970 በፖለቲካ ታስረው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈቱ የኮሌጁ ሥራቸው አልተመለሰላቸውም፤ ፋሲሎ ሰፈር ቤታቸው ተቀምጠው የሰው ሬዲዮ ይጠግናሉ።

“ወይ መሣሪያችን ተበላሽቷል፣ ወይ የእሳቸው ልብ ክፉኛ ታሟል” አለ ዶክተሩ። “ያለን አንድ መሣሪያ ነው፤ በጭነት መኪና ሲመጣ ብዙ ተንገላቷል። ሳላረጋግጥ ጠንካራ መድኃኒት ልሰጣቸው አልደፍርም።”

“መሣሪያው ይሆናል” አለች ፀሐይወርቅ፣ ወረቀቱን ሳታይ።

የልብ መሣሪያው የሚያነበው በበሽተኛው ሁለት እጆች ላይ በሚታሰሩት ገመዶች መካከል ያለውን በጣም ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት የሚሰጥ ምንጭ ላቦራቶሪው አልነበረውም። የነበረው ሁለት መውጫ ያለው ሲግናል ጀነሬተር፣ የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። አንዱ መውጫ ከፍ ሲል ሌላው በዚያው ልክ ዝቅ እንዲል ከተስተካከለ ግን፣ በሁለቱ መካከል የሚፈለገው ልዩነት ይገኛል።

ጀነሬተሩን ከግቢ አውጥቶ ሆስፒታል ለመውሰድ የኮሌጁ የፖለቲካ ኃላፊ መፈረም ነበረበት።

“በሽተኛው ማነው?” አላት ፀሐይወርቅን፣ ብዕሩን እንደያዘ።

“ስማቸውን አላውቅም” አለች።

ፈረመላት።

ሆስፒታል ደርሳ በመጀመሪያ ከሁለቱም መውጫዎች አንድ ዓይነት ሞገድ ለሁለቱ ገመዶች ሰጠች። ልዩነት ስለሌለ መሣሪያው ምንም ማንበብ የለበትም፤ የመሣሪያው ብዕር ወረቀቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። ከዚያ ሁለተኛውን መውጫ ገለበጠችው። ቮልቴጁን በሬዚስተር እያሳነሰች በእያንዳንዱ ገመድ ግማሽ ሚሊቮልት፣ በመካከላቸው አንድ ሚሊቮልት ሰጠች። ብዕሩ ከመሐል ተነስቶ፣ ደህና መሣሪያ ለአንድ ሚሊቮልት እንደሚያሳየው፣ ልክ አሥር ሚሊሜትር ወጣ። ገመዶቹን አቀያየረች፤ ያው አሥር። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። በአራተኛው ዶክተሩ እጇን ያዛት።

“ይበቃል፣ ፀሐይወርቅ” አላት።

በማግስቱ ፋሲሎ ሄደች። ጋሽ ዳኘው የተፈታ ሬዲዮ ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል።

“ሁለቱን እኩል ሰጥተሽ አየሽ?” አሏት።

“አየሁ። ቀጥ ያለ መስመር ወጣ።”

“ሲገለበጥስ?”

“አሥር ሚሊሜትር።”

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። “እንግዲያ መሣሪያው ደህና ነው” አሉ። “ጀነሬተሩን እንዴት ሰጡሽ?”

“አላውቃቸውም አልሁ፣ ጋሼ። ስምዎን ሲጠይቀኝ አላውቅም አልሁ።” እንባዋ መጣ።

“ደግ አደረግሽ። ስሜን ብትጠሪ ኖሮ አይሰጡሽም ነበር።”

“ቢሆንም ከፋኝ።”

እሳቸው ሻይ እንድትጠጣ ለመኗት፤ ጠጣች።

ዶክተሩ ወረቀቱን አምኖ መድኃኒቱን በዚያው ሳምንት ጀመረላቸው። ትንፋሻቸው ተሻለ፤ የእግራቸው እብጠት ጎደለ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖሩ። ሐሙስ ሐሙስ ፀሐይወርቅ ከሥራ ስትወጣ እየደገፈቻቸው እስከ ከተማው ሐይቅ ዳር ይሄዱ ነበር። አብረው ያያቸው ሰው ወሬውን ኮሌጁ እንዳደረሰ ታውቃለች፤ አላቆመችም። በዚያ ዓመት የደረጃ እድገት ዝርዝር ላይ ስሟ ተዘለለ።

በመጋቢት 1977 አንድ ጠዋት ጋሽ ዳኘው በተኙበት ዐረፉ። በቀብራቸው ቀን ፀሐይወርቅ ጥቁር ለብሳ ከቤተሰቡ ጋር ፊት ሆና ሄደች። ከኮሌጁ የመጣ ሌላ ሰው አልነበረም።