ክሬኑ ሸክሙን ያወረደበት ዕለት

በሲሚንቶ መጋዘኑም በሰፈሩም የሚታወቀው «ክሬኑ» በሚል ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር፤ እሱም አዛብቶ ነው የሚጠራው። ሥራው መጫንና ማውረድ ነው። ሌላው ጓደኛውን ጠርቶ ለሁለት የሚይዘውን እሱ ብቻውን ጀርባው ላይ ጣል ያደርግና ጉልበቱን ሰበር፣ ወገቡን ቀና አድርጎ ይነሳል። አይቶት «አቤት ጉልበት!» የማይል አላፊ አግዳሚ የለም። «አቤት ጉልበት» ብሎ አለቃ ያደረገው ግን አልተገኘም። ሹመት ሲመጣ ትናንት የተቀጠረ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሰካ ይሾማል። ዓለም እንዲህ ናት፤ ለተሸካሚ ትጨምርበታለች እንጂ አታወርድለትም።

ይህ ሰው በሕይወቱ አፉን ከፍቶ የቀረው አንድ ቦታ ነው። ከጎሚስታው በላይ፣ በጠባብ የብረት ደረጃ የሚወጣ አንድ ክፍል አለ። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር በስፖንጅና በሸራ ተሸፍኗል፤ ጫማ በር ላይ ይቀራል፤ ከታች የጎማ ሽታ፣ ከላይ የላብ ሽታ። ጁጂትሱ የሚባለውን ትግል እዚያ የሚያስተምረው ቀን ቀን መስታወት የሚቆርጥ ቀጭን ሰው ነው። ክሬኑ መጀመሪያ የሄደው ሊስቅበት ነበር። መስታወት ቆራጩ «ተኛ» አለው፤ ተኛ። ከዚያ የራሱን ደረት በክሬኑ ደረት ላይ አሳረፈና «በል ተነስ» አለው።

ክሬኑ ገፋ። ክብደቱ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው፤ ግን ንቅንቅ አላለም። እንደገና ገፋ። የገፋው ጉልበት የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ አሸዋ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ጠፋ። በመጨረሻ ትንፋሽ አጥሮት፣ እጁ ሸራውን መታ መታ አደረገ። እዚያ ቤት «በቃኝ» የሚባለው እንዲህ ነው።

«ምን አድርገህ ነው የከበድከኝ?» አለ ተነስቶ።

«ምንም አላደረግኩም። አረፍኩብህ፣ ያው ነው።»

ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ተራራ ከላዩ የተነሳለት ሰው ይመስል ነበር። ለሚስቱ «አንድ ሰው አየሁ» አላት።

ከዚያ በኋላ አልቀረም። ወገብን ከመሬት ነቅሎ ድልድይ መሥራት ተማረ። ዳሌን ወደ ጎን አሽሽቶ፣ በተገኘችው ክፍተት ጉልበት ማስገባት ተማረ። እያንዳንዷ ነገር ትገርመው ነበር፤ አንድ ስንዝር መሸሽ መቶ ኪሎ ከመግፋት ይበልጣል ቢሉት መቼ ያምን ነበር? ተገርሞም አልቀረ፤ ታናሽ ወንድሙን ጎትቶ አመጣው። ታናሽየው የሒሳብ መምህር ነው፤ ንፋስ የሚወስደው ዓይነት። ወንድሙን ያመጣ ዕለት መዘዙን አመጣ።

የቤቱ ደንብ እንግዳ ነው። ከነጭ ቀበቶ ወደ ሰማያዊ የሚያልፍ ሰው ማንን ጣልክ ተብሎ አይጠየቅም። «ላይ ሆኖ የማይጀግን ማን አለ?» ይላል መስታወት ቆራጩ። ተፈታኙ ከሥር ነው የሚጀምረው። አንዴ ጎኑ ላይ ይጫኑታል፣ አንዴ ደረቱ ላይ ይቀመጡበታል፣ በመጨረሻ ጀርባው ላይ ይታዘሉበታል። ከሦስቱም ከወጣ አለፈ። ቀበቶውን የሚያስርለትም በመጨረሻ የተጫነው ሰው ነው።

ባለፈው ፈተና ክሬኑ ከጎንም ከደረትም ወጣ። ጀርባው ላይ የወጣበት እዚያው የሚታገል አንድ ሥጋ ሻጭ ነበር፤ በሬ የሚያህል ሰው። ክሬኑ ክብደቱ ጀርባው ላይ ሲያርፍ የለመደውን አደረገ፦ ጉልበቱን ሰበር፣ ወገቡን ቀና አድርጎ ተነሳ! ሥጋ ሻጩን እንዳዘለ ክፍሉ መሃል ቆመ። ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ሥጋ ሻጩ ግን አንገቱን ይዞ ነበር። ጭብጨባው ሳያልቅ ክሬኑ በጉልበቱ ወደቀና መታ መታ አደረገ።

«ልጄ፣» አለው መስታወት ቆራጩ፣ «ማን ጫነህና ነው የምትሸከመው?»

በዚያው ዕለት ታናሽየው ሰማያዊውን አሰረ። እናታቸው ሰምታ ጎረቤት ጠራች። ክሬኑን «አይዞህ፣ አንተ ደግሞ ጉልበቱ አለህ» አለችው። እንዲህ ያለ ማጽናኛ ከስድብ ይብሳል። ትምህርት ቤትም ሲሉ ታናሽየው፣ ቀበቶም ሲሉ ታናሽየው! ከዚያ ወዲህ ወንድሙ ሰላም ሲለው መልሱ «እህ» ብቻ ሆነ።

በአዲሱ ፈተና ጠዋት ለሚስቱ ቁርጡን ነገራት።

«ዛሬ ካልሆነ ያንን ደረጃ ዳግመኛ አልወጣም።»

«አንተ? ሳትወጣው ልታድር? ጀርባህን ይበላሃል!»

«የምሬን ነው ሴትዮ።»

ፊቱን አየችና መቀለዱን ተወች። ባሏ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ሰው በሌላ ቦታ እንደማይሆን ታውቅ ነበር። ቢተወው የሚቀራት ክሬኑ ብቻ ነው።

ፈተናው ላይ ሥጋ ሻጩ ጎኑ ላይ ተጫነ፤ ክሬኑ ዳሌውን አሽሽቶ ጉልበቱን አስገብቶ ወጣ። ሥጋ ሻጩ ደረቱ ላይ ተቀመጠ፤ ክሬኑ አንድ እጁንና በዚያው በኩል ያለውን እግሩን አጥምዶ ድልድይ ሠራና ገለበጠው። ማን ጀርባው ላይ እንደሚወጣ ሁሉም ይጠብቃል።

«መምህሩ ይምጣ» አለ መስታወት ቆራጩ።

ታናሽየው ከግድግዳው ተነስቶ መጣ። «ይቅርታ ወንድም ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንዳትምረኝ። ከማርከኝ አልምርህም።»

ተቀመጡ። ታናሽየው ከኋላ ተጠጋ፤ እግሮቹን በወገቡ ዞሮ አጠመደ፣ አንድ ክንዱን በትከሻው ላይ፣ አንዱን በብብቱ ሥር አሳለፈ፣ አገጩን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ክሬኑ ያን ጊዜ ደነገጠ። ይህን ክብደት ያውቀዋል! ልጆች ሳሉ፣ ጎርፍ መንገዱን ሲበላ ታናሽየውን እያዘለ ትምህርት ቤት በር ድረስ ያደርሰው ነበር። እነዚሁ እግሮች ነበሩ ወገቡ ላይ፤ ይኸው አገጭ ነበር ትከሻው ላይ። በሩ ላይ አውርዶት፣ እሱ ሳይገባ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ጀርባው ያንን ልጅ አልረሳውም።

«ጀምሩ!»

የታናሽየው ክንድ ወደ አንገቱ መጣ። የክሬኑ መዳፍ ወዲያው መሬት ያዘ፣ አንድ ጉልበቱ ተተከለ። ሰውነቱ ሳይጠይቀው ሊነሳ ነው።

«ተነሳ! ክሬኑ ተነሳ!» አለ አንዱ ከግድግዳው፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት።

ጆሮው መጮህ ሲጀምር የመጣለት የልጁ ድምፅ ነው። በየጠዋቱ፣ በሩ ሲቃረብ፣ «አውርደኝ፤ በራሴ እሄዳለሁ» ይለው ነበር። እሱ ግን ጫማው እንዳይጨቀይ ብሎ ሰምቶት አያውቅም።

መዳፉን ከመሬት አነሳ።

ጫኝ ሸክም የሚያወርደው በእጁ አይደለም። ጀርባውን መኪናው ጠርዝ ላይ ያስጠጋል፣ ሸክሙ እንዲያርፍ ያደርጋል፣ ራሱ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ክሬኑ በሁለት እጁ የሚያንቀውን ክንድ እጅጌ ይዞ ወደ ታች ሳበ፣ አገጩን ደረቱ ውስጥ ቀበረ። ከዚያ ሌላኛው ክንድ በብብቱ ሥር ባለፈበት በኩል ጋደል ብሎ ትከሻውን ሸራው ላይ አሳረፈ። ዳሌውን አንሸራተተ። አንደኛው እግር ከወገቡ ተፈታ። ያን ሁሉ ክብደት መሬት ተቀበለው፤ ዝም ብሎ፣ እንደ ራሱ ዕቃ። አልገፋም። ገልበጥ ሲል ፊቱ ከወንድሙ ፊት ጋር ተገናኘ፣ ደረቱም ደረቱ ላይ አረፈ።

እዚያው ቀረ። ለካ እንዲህ ነው! ያን ያህል ዘመን ሲሸከም፣ የሚያርፍበት መሬት ከእግሩ ሥር ነበር። ከሥሩ ወንድሙ ይተነፍሳል፤ ሊነሳ ይሞክራል፤ አልቻለም።

«ምን በልተህ ነው የከበድከኝ?» አለ ታናሽየው እያቃሰተ።

«አረፍኩብህ፣ ያው ነው» ሊለው ፈለገ። ግን ተነሳና እጁን ዘረጋለት።

መስታወት ቆራጩ ሰማያዊውን ቀበቶ አምጥቶ ለታናሽየው ሰጠው። ታናሽየው ተንበርክኮ አንዴ አዞረው፣ ሁለተኛ ሲያዞር ጫፉ አልደርስ አለ።

«ረዘም ያለ የለም እንዴ?» አለ ታናሽየው።

«ለክሬን ገመድ ነው እንጂ ቀበቶ ማን ሠርቶ!» አለ ሥጋ ሻጩ፤ ቤቱ ሳቀ። ክሬኑም ሳቀ። ባለፈው ጊዜ ቢሆን ይህ ቀልድ ሳምንት ያስኮርፈው ነበር።

ወንድሙ በአንድ ዙር ብቻ ያሰረውን ቋጠሮ እየሳበ፣ ቀና ሳይል፣ «ወንድም ጋሼ፣» አለ፣ «መቼ ታወርደኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

ክሬኑ የወንድሙን አናት ከላይ አየው። ፀጉሩ ሳስቷል። እጁን ጫነበትና ሳያነሳ ቆየ።

በማግስቱ መጋዘኑ ውስጥ የመጀመሪያውን ከረጢት ጀርባው ላይ ጣሉለት። መኪናው ጋ ደረሰ፣ ጠርዙ ላይ አሳረፈ፣ ሾልኮ ወጣ። ወደሚቀጥለው አልሄደም። ዞሮ ከረጢቱን ያየው ጀመር።

«ምን ጠፋብህ አንተ?» አለ አለቃው፣ ባለ እስክሪብቶው።

«ምንም» አለ ክሬኑ። «ሲወርድ አይቼው አላውቅም ነበር።»