ክራንች የሌላት መይሙና

መይሙና የለመነችው አንድ ነገር ነበር፤ በጭሮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ታች ያለው የዕቃ ክፍል ተጠርጎ ጠረጴዛ ይግባበት። ማንበቢያው አዳራሽ ፎቅ ላይ ነው፤ እሷ የምትሄደው በክራንች ነው። ጓደኞቿ ላይ ተሰብስበው ለፈተና ሲዘጋጁ፣ እሷ መጽሐፍ እየወረደላት ኮሪደር ላይ ብቻዋን ታነባለች።

ዋሲሁን የቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። መጥረጊያ አንስቶ ክፍሉን ቢጠርገው ነገሩ በግማሽ ቀን ያልቅ ነበር። ግን ብልጥ ነዋ! ልጆች በኔትወርክ ተያይዘው የሚታኮሱበትን ጌም ወሰደ፤ ጠመንጃውን አውጥቶ የቤተ መጻሕፍቱን ሕንፃ ሠራበት፣ ከላዩም በእውን የሌለ ሰፊ ፎቅ ቀጠለለት። ታች ካሉት ኮምፒውተሮች ፊት የተቀመጠ ሰው እዚያ ገብቶ ይራመዳል፣ መጽሐፍ ይከፍታል፣ ካገኘው ሰው ጋር እየጻፈ ያወራል።

ጌሙ የተመረቀ ዕለት መይሙና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ስክሪኑ ውስጥ ያለውን ደረጃ በሩጫ ወጣች። አናቱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አቦ ዋሲ፣ ክራንቼን የት አደረስከው?»

«እዚያ ምን ያደርግልሻል?» አላት። ሰዉ አጨበጨበ። እሷ ወደ ቤቷ የሚወስዳት የሂርናው ሚኒባስ እንዳያመልጣት ብላ ወጣች።

ኃላፊው አቶ ተሻለ ወደ ዋሲሁን ዞሩ። «እንግዲህ የዕቃ ክፍሉ ነገር ቀረ ማለት ነው?»

ጭብጨባው ገና ከጆሮው አልወጣም። «አዎ፣ አያስፈልግም» አለ። ክፍሉ ወዲያው ለሻይ ቤት ተሰጠ።

ልጆቹ ጌሙ ላይ ጥቂት ሰነበቱና ሰለቻቸው፤ ወደ እውነተኛው ፎቅ ተመለሱ። አንድ ቀን ከሰዓት ዋሲሁን ከቢሮው ሆኖ ወደ ጌሙ ሲገባ መይሙናን ባዶ ጠረጴዛዎች መሃል ስትዞር አገኛት።

«ሰዉ የት ሄደ?» ብላ ጻፈችለት።

«ይመጣሉ።»

«ከላዬ ሲስቁ እየሰማኋቸው?»

እሱም እየሰማ ነበር፤ የወንበሩ መጎተት ሳይቀር ይሰማል።

«ዋሲ፣ ክፍሉን ያስቀረብኝ ማነው? ወላሂ አልጣላም። ማወቅ ብቻ ነው።»

አቶ ተሻለ ናቸው ቢላት ታምነዋለች። ስማቸውን ጻፈ፣ አጠፋው። ያቺ ጭብጨባ ትዝ አለችው፤ በራሱ አፈረ።

«እኔ ነኝ» ብሎ ላከ።

የክራንቿ ድምፅ ኮሪደሩን ይዞ መጣ፤ የቢሮውን በር አልፎ ወደ ውጭ ሄደ። ተነስቶ ሊከተላት ፈለገ፤ ምን ሊላት? በር ላይ የባጃጅ ሞተር ተነሳ።

ጌሙን ሳትዘጋው ነበር የሄደችው። እሱ የሠራት መይሙና በሁለት ጤነኛ እግሮቿ ስክሪኑ ላይ ፊት ለፊቱ ቆማለች፤ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።