ከቆዳው ሥር ያለው ቀበቶ

"ጣይባ ልጇን መኪና ውስጥ እንደ በግ አሰረች" ይሉኛል የሓድነት ሰፈር ጎረቤቶቼ። ይበሉ! "ባሏንም በሰው ፊት አዋረደች" ይላሉ። ይኸንንም ይበሉ። የልጄን ከንፈር ሲሰፉ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ አይደሉም።

ነገሩ የጀመረው ኩይሓ መንገድ ላይ ነው። ባሌ ዛሂድ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ ነኝ። አማቼ አባባ ጠሃ ልጃችንን ሩፋይዳን ታቅፈው ከፊት ተቀምጠዋል። አንድ ባጃጅ ግራ ቀኝ ሳያይ ዘው ብሎ ገባብን። ዛሂድ ፍሬን ሲይዝ ሩፋይዳ ከአያቷ እቅፍ ተስፈንጥራ በአፏ ከፊት ለፊቱ የመኪናው ፕላስቲክ ጋር ተላተመች። ገና አራት ዓመቷ እኮ ነው! አባባ ጠሃ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆመው መዳፋቸውን እያዩ "አጥብቄ ይዣት ነበር እኮ" ሲሉ ሰማኋቸው። ወላሂ ይዘዋት ነበር። እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

ደግሞ ስለዚህ ነገር አላውቅም እንዳትሉኝ። ጂዳ ሰው ቤት ስሠራ የእመቤቴን ልጆች በየቀኑ መኪና ውስጥ ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ፣ ቀበቷቸውን በትከሻቸው አሳልፌ የምቆልፈው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ብረሳ በዚያው ቀን ከቤት እባረር ነበር። የሰው ልጅ ስቆልፍ ኖሬ የራሴን ልጅ በጭን? በፍጹም!

ለዛሂድ እቅጩን ነገርኩት። "ባለ ቀበቶ የልጅ ወንበር እስኪገዛላት ድረስ ሩፋይዳ መኪና ውስጥ አትገባም።"

"የነጋሽ መስጊድ ዚያራስ? አባቴ ከወሎ ከመጡ ጀምሮ እሱን እያለሙ ነው።"

"ነጋሽም ቢሆን!"

አባባ ጠሃ ከወዲያ ሆነው ሰምተዋል። "ልጅ ታስሮ ይሄዳል እንዴ? ክንዴን ናቅሽው?" አሉኝ።

"ኧረ አልናቅኩም አባባ።"

"ንቀሽዋል" አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተነጋገርንም። እወዳቸዋለሁ። ግን አልተመለስኩም።

ኣብረኸት እዚያው ሓድነት የልጅ ዕቃ ትሸጣለች፤ ከዛሂድ ጋር ሩፋይዳን ይዘን ሱቋ ሄድን። ሩፋይዳን ገና ስታያት "ዋይ ጓለይ፣ ልጄ! ከንፈርሽን ምን አገኘው?" አለችና ከመደርደሪያው ሮዝ፣ እጀታ ያለው፣ አበባ በአበባ የሆነ ነገር አወረደች። ሩፋይዳን ሳስቀምጣት እግሯ ውጭ ቀረ።

"ይህ ለአራስ ነው እኮ ኣብረኸት! የኔ ልጅ ጫማ እንኳ አልበቃት እያለ ነው።"

"ሮዝ ትወዳለች ብዬ ነው ሓፍተይ።"

ዛሂድ ደግሞ ከጥግ መደገፊያም ማሰሪያም የሌለው፣ በርጩማ የመሰለ መቀመጫ አንስቶ "ይኼ ይበቃል፤ ተሳፋሪ ሲመጣ ብድግ አድርጎ ማውጣት ነው" አለ። በመኪናችን ሰው ጭኖ ነው የሚሠራው፤ ሐሳቡ ሁሉ ተሳፋሪ ነው።

"እሱ ለትልቅ ልጅ ነው። ከፍ ያደርጋታል እንጂ አይዛትም። አስቀምጠው!"

በመጨረሻ አንድ ግራጫ፣ መልከ ጥፉ ወንበር ከላይ ወረደ። በሁለቱ ትከሻ፣ በሁለቱ ዳሌና በእግሮቿ መሃል የሚመጣ ማሰሪያ አለው። ልቤ ደስ አለው። ኣብረኸት ግን ፕላስቲኩን አላስነካም አለች፤ ሳይገዛ አይቀደድም።

"ጫማ ሳይለካ ይገዛል?"

"ጫማ ሌላ!"

"ሌላ አይደለም። ካልተቀመጠችበት አልገዛም።"

አጉረመረመች፣ ቀደደችው። ሩፋይዳ ስትቀመጥ ማሰሪያው ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው። "ልክ ነው፣ ልክ ነው" አለች ኣብረኸት። ልክ አይደለም! ከጀርባው ፈትቼ ከትከሻዋ ከፍ ወዳለው ቀዳዳ አሳለፍኩት። ከዚያም በላይ ሌላ ቀዳዳ አለው፤ ገና ታድግበታለች። አጥብቄ ማሰሪያውን በጣቴ ቆንጠጥ ለማድረግ ሞከርኩ፤ የሚታጠፍ ትርፍ የለውም። "ይኼ ነው" አልኩ።

ኣብረኸት ልትጠቀልለው ስትል ቀና አለች። "መኪናችሁ ከኋላ ቀበቶ አለው አይደል? በሱ ነው ወንበሩ የሚታሰረው።"

"አለው" አለ ዛሂድ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

የዚያራው ቀን ጠዋት ጎረቤት ሊሸኘን ወጥቷል። አባባ ጠሃ ነጭ ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ወንበሩን ከኋላ አስገብቼ የመኪናዋን ቀበቶ ብፈልግ፣ ብዳብስ፣ የለም። ዙሪያውን ቀይ ቆዳ ብቻ ነው። ዛሂድ በቅርቡ ያስለበሰው ነው፤ በየማለዳው እንደ ሙሽራ ሲወለውለው ነው የሚያረፍደው።

"ቀበቶው የታለ?"

ጭንቅላቱን አከከ። "ከሥር ነው።"

"ከምን ሥር?"

"ከቆዳው ሥር። ወንበር አልባሹ መቆለፊያው ተሳፋሪ ይቆረቁራል፣ ውበትም ያጠፋል ብሎ ሰፋበት። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያሠራው።"

"ሱቅ ውስጥ አለው ብለሃል!"

"አለዋ!"

ጎረቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዛሂድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዝም ብለን እናስቀምጠው፤ አንቺ ከጎን ሆነሽ ወንበሩን ትይዢዋለሽ" አለኝ።

"ልጅቷን ያልያዘ እጅ ወንበሩን ከነልጅቷ ይይዛል?"

"ለዛሬ ብቻ በጭን..."

"ከንፈሯን እየው! ና፣ ቀረብ ብለህ እየው!"

አላየም። ቤት ገባሁና ምላጭ ይዤ ወጣሁ።

"ጣይባ! አብደሻል?"

"አዎ!"

ስፌቱን ተከትዬ ልተረትር ብል አልሆነም፤ ምላጩ ሸርተት አለና መሃል ለመሃል ሄደ። ጎረቤቱ በአንድ አፍ "ውይ!" አለ። ዛሂድ የተቀደደው የራሱ ቆዳ ይመስል የደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አሳዘነኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ከስፖንጁ ሥር ቀበቶው ከነመቆለፊያው፣ አቧራ እንኳ ሳይነካው፣ ተኝቷል። ጎትቼ አወጣሁት። በወንበሩ ጀርባ አሳለፍኩት፣ በጉልበቴ ተጭኜ ሳብኩት፣ ቆለፍኩት። ነቀነቅኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ሩፋይዳን አስቀምጬ አሰርኳት። "እማ፣ የኔ ነው?" አለችኝ። "ያንቺ ነው" አልኳት፤ እንባዬ መጣ። የጂዳዎቹን ልጆች ስቆልፍ እንባ መጥቶብኝ አያውቅም።

ይሄኔ አባባ ጠሃ የፊቱን በር ትተው የኋላውን ከፈቱና ሩፋይዳ አጠገብ ገቡ። እጃቸው ወደ እሷ ሲሄድ አየሁ። ሊፈቷት ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

"አባባ፣ እንዳይነኳት!"

በሕይወቴ ጮኬባቸው አላውቅም። እሳቸው ግን እጃቸው ልጅቷን አልፎ ያወጣሁትን መቆለፊያ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ የራሳቸውን መቀመጫ ይዳብሱ ጀመር፣ በግራ፣ በቀኝ፣ ከቆዳው ላይ።

"የኔስ የት ጋ ነው?" አሉኝ።

"እዚያው ሥር ነው አባባ።"

"ቅደጂው።"

ዛሂድ ከድንጋዩ ላይ ብድግ አለ። "አባ! በአላህ፣ እርስዎም?"

"ዝም በል አንተ! ከእጄ ነው የወጣችው። ክንዴን አይቼዋለሁ።" ወደኔ ዞሩ፤ ፊታቸውን ካዞሩብኝ ወዲህ ዓይኔን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። "ምን ትጠብቂያለሽ? ቅደጂው እንጂ፣ ልጄ።"

ዛሂድን አየሁት፣ አየኝ። "ሰምተሃል" አልኩትና ምላጩን አነሳሁ።