በመሃል ሠላሳ አምስት ደቂቃ

«ደግሞ ተነሳህ? ቁጭ በል እንጂ!» አለችው የሟች ሚስት።

ወደ መስኮቱ ሄዶ ሰማዩን አየ፤ ተመልሶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት ሴቶች አንዷ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ «እሾህ ላይ የተቀመጠ ይመስላል» ስትል ሰማት።

እሱና ሟቹ ታላቅ ወንድሙ የአውሮፕላን ተቆጣጣሪዎች ነበሩ፤ ታላቅየው በዚህች ከተማ፣ እሱ ከተራራው ማዶ ባለችው። በመኪና ለሚሄድ ተራራውን ዞሮ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በአየር ግን መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። የተቀዳ ሻይ ሳይጠጣ ይደረሳል።

እናታቸው ስትታመም ታላቅየው «እኔ ጋ የተሻለ ሐኪም አለ» ብሎ በዚያው አውሮፕላን ወሰዳት። ታናሽየው «አቅም የላትም፣ ተዋት» ቢል የሚሰማው አጣ። በሳምንቷ ሞተች። መቃብሯ አፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ታናሽየው «አንተ ነህ የገደልካት!» አለው። ከዚያ ወዲያ ዓይንና ናጫ ሆኑ።

ሥራ ግን ሥራ ነው። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር አንዱ ለሌላው በስልክ መንገር ነበረበት። «ተነስቷል» ይላል ታናሽየው። «ተቀብያለሁ» ይላል ታላቅየው፤ ቆይቶም ይደውልና፣ «አርፏል»። እንዴት አደርክ እንኳ የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

በቀደም ዕለት ግን መስመሩ ላይ የማያውቀው ድምፅ መጣ።

«አርፏል» አለ ድምፁ።

ሰዓቱን አየ። «እንዴት ተደርጎ? አሁን መነሳቱ እኮ ነው!»

«አውሮፕላኑን አይደለም» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ። «ወንድምህን ነው። ተኝቶ ሳለ ልቡ ቀጥ አለበት።»

የሚተካው ሰው እስኪገኝ ቀብሩ አለፈው።

የሟች ሚስት አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች። «ባለፈው ወር ጉንፋን ይዞህ ነበር አይደል?»

«በምን አወቅሽ፣ እትዬ?»

«ወንድምህ ነዋ! ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያወራልኝ ያንተን ነገር ነበር። ‹ድምፁ ጎርነን ብሏል፣ ያ ደረቅ መቼም መድኃኒት አይወስድም› ይለኛል። አንድ ቀን ደግሞ እየሳቀ ገባ። ‹ዛሬ ደስ ብሎታል› አለኝ። ‹ምን አለህ?› ስለው፣ ‹ተነስቷል ነው ያለኝ› አይለኝ መሰለህ!» ሳቋ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነባት።

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ...» አለና ተወው። እሱም ቢሆን ትኬት ቆርጦ፣ ሻንጣ ይዞ፣ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር የተመለሰበት ቀን ነበር።

«ፈርቶህ ነው። ‹ሠላሳ አምስት ደቂቃ እኮ ናት፣ ሂድ› ስለው፣ ‹ሄጄ በሩን ባይከፍትልኝስ?› ይለኛል።»

ተነስቶ ወደ በሩ አመራ፤ የከሰዓቱ በረራ ሊደርስ ነው፣ ቢሄድ ይሻለዋል። ደፉ ላይ ግን ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ገጠሙት። እጁን ያዙት።

«አንተስ ልጄ፣ ምኑ ነህ?»

ከጠዋት ጀምሮ ለጠየቀው ሁሉ «የሥራ ባልደረባው ነኝ» ሲል ነበር የዋለው። አሁንም ምላሱ ላይ መጣችለት። ዋጣት።

«ወንድሙ ነኝ» አለ። «ታናሹ።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ክንዳቸውን ዘረጉለት። ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ትከሻቸው ላይ ጣለ።