የሆድ መርፌ

«ወንድሜን የበላው ይሄው መርፌ ነው። ደግሞ ለልጅቷ?» አለች የሟቹ እህት ለሐዘንተኞቹ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ያለ ድምፅዋ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል።

የልጅቷ እናት ሰማች። የአራስ ልጇ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷ የወለደችው በቀዶ ጥገና ነው። እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ወደ ሳንባዋ እንዳይሄድ በየቀኑ ሆዷ ላይ የምትወጋው መርፌ ታዞላታል። አባቷ ከሞተ ወዲህ ግን አልወጋም ብላለች።

«እማ፣ አባዬም ይሄንን ሲወጋ ነው ደም የፈሰሰው። ይህቺን ሕፃን ለማን ልተዋት?»

አባትየው ቀለም ቀቢ ነበር። ከመሰላል ወድቆ የተሰበረው ዳሌው ሲጠገን ይኸው መርፌ ታዘዘለት፤ የምትወጋውም ሚስቱ ነበረች። የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ ስታደርገው፣ «ቀስ በይ እንጂ ሴትዮ፣ ግድግዳ መሰልኩሽ?» ይላታል። ይስቃሉ። ጨጓራው ሲያቃጥለው ግን አይናገርም። ሰው ማስቸገር የሚፈራ ሰው ነበር። ጨጓራው እየደማ ሰገራው መጥቆሩን እንኳ የተናገረው ራሱን ስቶ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ ነው።

ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ጎረቤታቸው ነርስ ሻይዋን ሳትጨርስ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት እናት። «በገዛ እጄ ነው የወጋሁት።»

ነርሷ አጠገቧ ተቀመጠች።

«መርፌው ደም ሊያፈስ ይችላል፤ አልዋሽሽም። የሱ ጨጓራ ቆስሎ ነበር፣ ለሐኪሙም አልነገረውም። ሳይወጉ ቀርተው ደም ሳንባቸው ውስጥ ረግቶ ልጃቸውን ሳያሳድጉ የቀሩ እናቶችም አይቻለሁ። የልጅሽን ሐኪም ጠይቄዋለሁ። ትቀጥል ብሏል።»

እናት ወደ ልጇ ዞረች። «ጨጓራሽን ያምሻል? እንደ አባትሽ እንዳትደብቂኝ።»

«አያመኝም።»

«ሰገራሽስ?»

«ኧረ እማ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ።»

ሳሎን ውስጥ ወሬው ለአፍታ ቆመ።

«አልጠቆረም» አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ። ሕፃኗን አየቻት፤ ከዚያ ቀሚሷን ገለጠች።

እናት ከቀዶ ጥገናው ቁስል ራቅ ብላ ቆዳዋን ቆንጠጥ አደረገች።

«ቀስ በይ፣ ግድግዳ መሰልኩሽ?» አለች ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና።

አልሳቁም።

እናት ወግታ መርፌውን ነቀለችና ጥጥ ያዘችበት። ብቅ ያለችው የደም ጠብታ ወዲያው ቆመች። ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። ነርሷ «በቃ፣ ልቀቂው» አለቻት።

እናት ግን ጣቷን ከጥጡ ላይ አላነሳችም።